ሁለተኛው ስም

ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው አልጠላም፤ መልሱን ሰምቶ ራቅ ብሎ የሚቀመጠውን ነው የምጠላው። ሺ እግር አጠናለሁ። ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት ይህን ስትሰማ ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ኪሴ ውስጥ ይዤው የምዞር መስሏት ይሆናል። እርግጥ ያን ዕለት ይዤ ነበር። እናቴ ደግሞ ለዘመድ ሁሉ «ሄመን ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው» ትላለች፤ ከዚያ በላይ ከጠየቋት ወሬ ትቀይራለች።

ሥራው ለማስረዳት ከባድ አይደለም። አገራችን ውስጥ ገና ስም ያልወጣላቸው ሺ እግሮች አሉ። አንዱን ማግኘት፣ ከዘመዶቹ በምን እንደሚለይ መጻፍ፣ ስም ማውጣት፣ ሌሎች ባለሙያዎች መርምረው ሲቀበሉት ማሳተም፣ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መናገሻ ጫካ እየሄድኩ የወደቀ ቅጠል ገለበጥኩ። ያገኘሁት ሁሉ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ያገኘው ነበር። ዝናብ ደበደበኝ፣ ጦጣ ምሳዬን ወሰደብኝ፣ አዲስ ነገር ግን የለም።

ከዚያ ባለፈው ሐምሌ፣ እዚሁ ቡራዩ በተከራየሁበት ግቢ፣ ነጠላ ጫማ አድርጌ ወደ ሽንት ቤት ስሄድ ልረግጠው ነበር። የትንሽ ጣት ያህል ርዝመት ያለው፣ ጀርባው ጠፍጠፍ ያለ፣ ጥቁር ሆኖ ጎንና ጎኑ ላይ ቢጫ ጠብታ የተሰለፈበት ሺ እግር። ስነካው ተጠቀለለና የኮክ ፍሬ ሲፈረከስ የሚሸተውን ሽታ ለቀቀብኝ። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጢጥ እንዳልኩ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ውስጥ እንዲህ ያለ አላውቅም። ሦስት ዓመት ጫካ ለጫካ ስንከራተት እሱ ደጄ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር ማለት ነው፤ ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ መጣብኝ።

ግቢው የኦቦ ገርባና የባለቤታቸው የአዴ ገለቴ ነው። ድሮ አካባቢው ሁሉ የኦቦ ገርባ የጤፍ ማሳ ነበር ይባላል፤ አሁን ማሳው ቤት በቤት ሆኖ ለእነሱ የቀረው ይህ ግቢና እኛ ተከራዮች ነን። ሺ እግሬ ደግሞ ከግቢው ሁሉ አንዲት ጥግ መርጧል፤ ከማድ ቤቱ ጀርባ የአዴ ገለቴ ጎመን መደብ፣ የማገዶ ክምርና ጥቂት ድንጋዮች ያሉባትን። አጥር ማዶ ፈለግሁ፣ ጎረቤት ግቢ አስፈቅጄ ገባሁ፣ ወንዙ ዳር ወረድኩ። የትም የለም። ሰፈሩ ሁሉ ኮብልስቶንና ሲሚንቶ ሆኗል፤ የቀረችው ይህች ጥግ ናት።

እሷም ልትጠፋ ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ሶያማ ጥቅምት ላይ ያገባል፤ ድንኳኑ የሚተከለው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ኦቦ ገርባ ሰርገኛ በጭቃ ተንሸራቶ ሲወድቅ ማየት አይፈልጉም፤ ስለዚህ የመስቀል ማግስት ቅዳሜ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ ሊያስደርጉት አሸዋና ጠጠሩን አስገልብጠው ጨርሰዋል። ይህን ስሰማ ሮጬ ሄጄ ጥጓን ብቻ ይተዉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ለትል ብለው የልጃቸውን ሰርግ ጭቃ ላይ እንደማያደርጉ ነገሩኝ። ትል አይደለም አልኩ። ትልም ባይሆን ሰርግ አልተጠራም አሉ።

እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ስናደድ ደግሞ አፌ ይቀድመኛል። ጥጓን ከተዉልኝ ስሙን በእርስዎ ስም አወጣዋለሁ አልኳቸው።

ኦቦ ገርባ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«በኔ ስም? በቡራዩ ነው ወይስ በአገር?»

«በዓለም ሁሉ።»

«እስከ መቼ?»

«አንዴ ከታተመ ማንም አይለውጠውም፤ እኔም ብሆን።»

«ጋሪ ዳ፣ መልካም» ብለው እጄን ጨበጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ቆመው «አካም ቡልቴ ሄመን፣ ስሜስ እንዴት አደረ?» ይሉኝ ጀመር።

ስማቸው ደህና አላደረም ነበር። ሺ እግርን ከሺ እግር በቀለም መለየት አይቻልም፤ ቀለሙ ያታልላል። የሚለየው የደረሰ ወንዱ ነው። ወንዱ ሰባተኛው ቀለበቱ ላይ የማይሄድበት፣ ለመጋባት ብቻ የሚያገለግል አንድ ጥንድ እግር አለው፤ የዚያ እግር ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። የአንዱ መንጠቆ ነው፣ የአንዱ ማንኪያ፣ የሌላው ዝም ብሎ የተጣመመ ሽቦ። የሴቶቹና የልጆቹ ግን አይለይም። ወንድ ካልያዝኩ ምንም አልያዝኩም። እኔ ደግሞ ከዚያች ጥግ አርባ አንድ ሰብስቤ አርባ አንዱም ሴትና ልጅ ሆኑብኝ። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ድንጋይ እገለብጣለሁ፣ ማታ ስመለስ ማገዶ አነሳለሁ። ተከራዮቹ ዕቃ የጠፋብኝ መስሏቸው ያጽናኑኛል።

ነሐሴ ገባ። አንድ እሑድ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አንዷን በወረንጦ ይዤ በአጉሊ መነጽር ሳገላብጣት አዴ ገለቴ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አዴ ገለቴ ብዙ አይናገሩም፤ ግቢው ውስጥ ድምፃቸው ከሚሰማው የመጥረጊያቸው ይበልጣል። ጎንበስ ብለው አይተው፣ እኔ የምፈልገው እግሩ የጎደለውን ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

መነጽሬን አወረድኩ። የቱ እግሩ የጎደለው?

ነገሩኝ። በየክረምቱ ሲጠርጉ ሠላሳ ዓመት አይተዋቸዋል። ከመካከላቸው ቀጠን ያሉት ከአንገታቸው ዝቅ ብሎ እግር የጎደለበት ቦታ አላቸው። መጀመሪያ በመጥረጊያ የሰበሯቸው መስሏቸው አዝነው፣ ቀስ እያሉ መጥረግ ጀምረው ነበር። በዓመቱም፣ በሌላው ዓመትም የጎደለው ቦታ ያው ነው። መጥረጊያ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ እግር መርጦ አይመታም፤ ስለዚህ ሲፈጠሩ እንዲያ መሆን አለባቸው ብለው ተዉት። ቀለበት በቀለበት ቆጥረውም ያውቃሉ፤ ሰባተኛው ላይ ነው አሉ።

እኔ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ዓመት ተምሬአለሁ።

የት ነው ያሉት ብዬ ስጠይቃቸው፣ ድንጋይ ሥር የምፈልጋቸው ለምን እንደሆነ ገርሟቸው እንደነበር ነገሩኝ። ፍልሰታ ሲጋመስ፣ ሌሊት ዘንቦ ካደረ፣ ጎህ ሲቀድ በማድ ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ላይ ይወጣሉ፤ ቡሄ ካለፈ ግን አንድም አይገኝም። በሦስተኛው ቀን ዘነበ። በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ላይ ስድስት ወንዶች ነበሩ። አዴ ገለቴን አቅፌ ሳምኳቸው፤ ሽታው እጄ ላይ ስለነበር አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹኝ። ማይክሮስኮፑ ሥር ያየሁት እግር ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ አንደኛው ጫፍ ወደ ኋላ የተቀለበሰ ነበር። እንዲህ ያለውን ማንም ጽፎ አያውቅም። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ እልል አልኩ።

ጽሑፉን ጳጉሜን ላይ ጨረስኩ። የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ እሱንም ኦቦ ገርባ በወረቀት ጻፊልኝ ስላሉኝ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ሰጠኋቸው። ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው ምላስ የሚያደናቅፍ ረጅም የላቲን ቃል፤ ሁለተኛው ገርባ፣ መጨረሻው ላይ በላቲን ወግ ትንሽ ተቀጥሎበት። ወረቀቱን አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

መስከረም ሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እድር ነበር። ለሰርጉ ወንበርና ድስት የሚጠየቀው ያን ቀን ስለነበር ኦቦ ገርባ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ፤ ስለ ስሙ የሚጠይቅ ካለ እንድመልስ። የወንበሩ ነገር ካለቀ በኋላ ተነሱና ወረቀቱን አወጡ። በስማቸው የሚጠራ ፍጡር በዓለም መዝገብ ሊገባ መሆኑን ተናግረው፣ ወረቀቱን እንዲያነቡት ለመምህር ባርናባስ ሰጧቸው። መምህር ባርናባስ አርባ ዓመት በትምህርት ቤት ስም ሲጠሩ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያውን ቃል ሦስት ጊዜ ሞክረው አራተኛው ላይ ተሳካላቸው። ከዚያ ልማዳቸው ሆኖ «የአባት ስም፣ ገርባ» ብለው አነበቡ።

ኦቦ ገርባ አጠገብ የተቀመጡት የልጅነት ጓደኛቸው ኦቦ ኦዳ ናቸው፤ ቀስ ብለው ዘወር አሉ።

«ገርባ፣ ለኛ ሳትነግረን ነው የወለድከው?»

ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም። አንዱ ዓይኑ የአባቱን ነው ወይ አለ። አንዱ ክርስትናው መቼ ነው አለ። ከኋላ ያሉ አንዲት ሴት ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና ጫማውን ማን ሊችለው ነው ብለው አዘኑላቸው። የእድሩ ድንኳን በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር፤ ግን ኦቦ ገርባ አዩኝ።

ግቢ እንደገባን በሩን ዘግተው ስሜን ከዚያ ወረቀት ላይ ሰርዢው አሉኝ።

በትዕግሥት ለማስረዳት ሞከርኩ። የመጀመሪያው የወገኑ ስም ነው፣ ሁሉም የቅርብ ዘመዶቹ ይጋሩታል፤ ሁለተኛው የራሱ ነው፣ ክብሩ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ አባትነት የሚባል ነገር የለበትም አልኳቸው።

«እኔ ማን ነኝ?» አሉ። «ገርባ ፈይሳ ነኝ። ማን ወለደህ ሲሉኝ ሁለተኛውን ነው የምጠራው። ያን ወረቀት ያነበበ ሁሉ ገርባ ወለደው ብሎ ነው የሚያነበው።»

«ፈረንጆቹ እንደዚያ አያነቡትም።»

«ፈረንጅ ሰርጌ ላይ አይመጣም። ኦዳ ግን ይመጣል።»

እንግዲያው እኔን አስቀድሚኝ አሉ። አይቻልም፣ የፊተኛው ስም ከመቶ ዓመት በፊት የወጣ ነው አልኩ። እንግዲያው ተይው አሉ። ቃል ገብተውልኛል አልኩ። አንቺም ሳቅሽብኝ አሉ። እዚህ ጋ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ሺ እግሩም ቢጠየቅ የእርስዎን ስም ላይፈልግ ይችላል አልኩ። ኦቦ ገርባ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ቅዳሜ ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ ይሆናል፣ ጥግ የሚባል ነገር የለም ብለው ገቡ።

በሥራዬ በኩል የሚጎድል የለም፤ ወንዶቹ በአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጽሑፉ ይታተማል። ግን ሲታተም የሚኖርበት ቦታ አይኖርም። ዓለም ስሙን በሚሰማበት ቀን እሱ ሲሚንቶ ሥር ነው፤ ስም የማወጣው ለሬሳ ሊሆን ነው፤ ያውም በእኔ ምላስ ምክንያት። አለቀስኩ። በዕድሜዬ ለሺ እግር አለቅሳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሐሙስ ከሥራ ቀርቼ ባልዲ ይዤ ወደ ጥጓ ሄድኩ። ምን እንደሚበሉ በደንብ አላውቅም፣ ሌላ አፈር ይስማማቸው አይስማማቸው አላውቅም፣ ግን ዝም ብዬ አላይም። አፈሩን ከነቅጠሉ ስዝቅ አዴ ገለቴ ጎመን ሊቀነጥሱ መጡ። ባልዲውን አዩት።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ወንዱን ማነው ያሳየሽ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ስሙስ ለምን የሱ ሆነ?»

ጥጓን እንዲተዉልኝ ብዬ ነው አልኳቸው።

«ጥጓ የማን ናት?»

ቀና ብዬ ጎመኑን አየሁ። የቆምኩበትን መደብ የቆፈሩት፣ ማገዶውን የከመሩት፣ ድንጋዩን የደረደሩት እሳቸው ናቸው። ኦቦ ገርባ ወደዚህ ጀርባ በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጡ ነው። እኔ ደግሞ የተማርኩት እያንዳንዱን ነገር ማን እንዳገኘው፣ የት እንዳገኘው፣ መቼ እንዳገኘው መጻፍ ነው። የሺ እግሩን ቀለበት ቆጥሬ የአዴ ገለቴን ድርሻ ዘለልኩት። አፈርኩ።

አዴ ገለቴ ጎመናቸውን ባልዲዬ ላይ አስቀምጠው ወደ በረንዳ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ኦቦ ገርባ ከሰኞ ጀምሮ ማንንም ሳያናግሩ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ነበሩ። አዴ ገለቴ ከፊታቸው ቆሙ። በኦሮምኛ ሊጀምሩ ነበር፤ እኔን አዩና በአማርኛ አደረጉት። እንድሰማው ፈልገው ነው።

«አምስት ወልጄልሃለሁ» አሉ። «ሶያማ ገርባ፣ ቶለሳ ገርባ፣ ጫልቱ ገርባ፣ ሁሉም ገርባ። ጤና ጣቢያ ካርድ ሳወጣላቸው ገርባ፣ ትምህርት ቤት ሳስመዘግባቸው ገርባ፤ እኔ በየደጁ ቆሜ ያንተን ስም ስጠራ ነው የኖርኩት። የኔም ሁለተኛ ስም የአባቴ ነው። ቅር ብሎኝ አያውቅም፣ ወጉ ነው። ይሄን ግን አንተ አልፈለግህም። የምታፍርበት ከሆነ ለኔ ስጠኝ። እኔ አላፍርበትም።»

ኦቦ ገርባ እድሩ ምን እንደሚል አስበውበት እንደሆነ ጠየቋቸው።

«ገለቴ ሺ እግር ወለደች ይበሉ» አሉ አዴ ገለቴ። «ከስንቱ ልጅ ይሻላል። ዝም ብሎ ነው የሚኖረው።»

ኦቦ ገርባ አልሳቁም። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ፤ ተነስተው አሁን በግም ፍየልም ወደሌለበት ወደ ድሮው በረት ሄደው ሲመሽ ተመለሱ። እኔ ክፍሌ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና ገርባን አጥፍቼ ገለቴ ብዬ ጻፍኩ። ያገኘው ሰው በሚለው መስመር ላይም ከእኔ ስም በፊት የእሳቸውን አስገባሁ። ከዚያ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ሳይመጣ በቀጥታ ላክሁት። ጥጓ ግን ገና በኦቦ ገርባ እጅ ናት።

ቅዳሜ ማለዳ ሠራተኞቹ መጡ። ሲሚንቶው ተቦካ። ግንበኛው ወንዲ ከበሩ ጀምሮ እያስተካከለ ወደ ማድ ቤቱ ሲቃረብ እኔ ጎመኑ አጠገብ ቆሜ እጄን አጣምሬ ነበር፤ ምን ላደርግ እንደሆነ ራሴም አላውቅም። አዴ ገለቴ ማድ ቤት ውስጥ ናቸው፤ በሩ ክፍት ነው። ኦቦ ገርባ ከቤት ወጡ፣ በእጃቸው ገመድና ሁለት ችካል ይዘዋል። ወደ እኔ አላዩም። አንዱን ችካል ከማድ ቤቱ ጥግ ተከሉ፤ ሁለተኛውን ይዘው ወደ አጥሩ ሄዱ፤ እኔ ከለመንኳቸው ቦታ አልፈው ሁለት ክንድ ያህል ጨምረው ተከሉት። ገመዱን ሳቡና እዚህ ላይ ይቁም አሉ።

ወንዲ ግራ ገባው። ድንኳኑ እንደሚጠብ፣ ሰርገኛው እንደሚበዛ፣ ሲሚንቶውም እንደሚተርፍ ነገራቸው።

«ከዚህ ወዲያ የገለቴ ልጅ ነው ያለው» አሉ ኦቦ ገርባ።

ወንዲ ልጆቻቸውን ሁሉ ያውቃቸዋል። የትኛው ልጅ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«እናቱን ጠይቃት» አሉና ገመዱን ማጥበቅ ጀመሩ።